ጥቁርና ነጭ ልጆች ተለያይተው ይማሩ የነበረበትን ዘመን ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል በላይብረሪ ማስተማር

ጥያቄው፦ «በሰሜን ቨርጂኒያ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ረዳት ነኝ። ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል በሳምንት አንድ ጊዜ 40 ደቂቃ አለኝ። በፌብሩዋሪ ስለ ትምህርት ቤቶች ዲሴግሪጌሽን (ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለያይቶ ማስተማር ስለመቅረቱ) እንዳስተምር ተነግሮኛል። ከልጆቹ ብዙዎቹ የሐበሻ ልጆች ናቸው፤ ወላጆቻቸው እንደ እኔ ሌላ አገር ያደጉ ናቸው። ልጆቹን ሳላስፈራ፣ ታሪኩንም ሳላሳንሰው ከየት ልጀምር? ስንት ክፍለ ጊዜ ይበቃል? መጽሐፉንስ እንዴት ልምረጥ?»

ምላሽ

አራት ክፍለ ጊዜ ይበቃዎታል። በሦስትም ይቻላል፤ በአንድ ግን አይሞክሩት። በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አንዲት ደፋር ልጅ የተጻፈ ባለሥዕል መጽሐፍ ማንበብ ነው። ልጆቹም «ድሮ መጥፎ ሰዎች ነበሩ፣ አንዲት ልጅ ደፈረች፣ ከዚያ ሁሉም ተስተካከለ» ብለው ይወጣሉ። ይህ ታሪኩን ያዛባዋል። ልጆችን ለያይቶ ማስተማር በሰዎች ክፋት ብቻ የቆመ አልነበረም፤ በሕግ፣ በበጀት፣ በአውቶቡስ መስመርና በሕንፃ የሚሠራ ሥርዓት ነበር። የፈረሰውም ብዙ ቤተሰቦች፣ ጠበቆችና ተማሪዎች ለዓመታት ስለታገሉ ነው። ይህ ለ8 ዓመት ልጅ ይከብዳል የሚሉ አሉ። አይከብድም። «ዘረኝነት» ከሚለው ጥቅል ቃል ይልቅ «ይህቺ ልጅ ቤቷ አጠገብ ያለውን ትምህርት ቤት አልፋ ለምን ሩቅ ትሄዳለች?» የሚለው ጥያቄ ቶሎ ይገባዋል። ስለዚህ በአራቱም ክፍለ ጊዜ በሚታይና በሚለካ ነገር ላይ ይቁሙ፦ ካርድ፣ ካርታ፣ ፎቶግራፍ፣ ገመድ። ላይብረሪ ማስረጃ የሚመረመርበት ቦታ ስለሆነ ሥራው ለእርስዎ ይስማማል።

ከ40ው ደቂቃ ውስጥ መጽሐፍ መመለስና መዋስ 10 ያህሉን ይወስዳል። ከታች ያለውን ያዘጋጀሁት 30 ደቂቃ ብቻ እንዳለዎት ቆጥሬ ነው። መዋሱን ወደ መጨረሻ ያድርጉት፤ መጀመሪያ ላይ ካደረጉት ልጆቹ የያዙትን መጽሐፍ እየገለጡ አይሰሙዎትም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፦ የላይብረሪ ካርድ

ልጆቹ የተቀመጡት ላይብረሪ ውስጥ ስለሆነ ከትምህርት ቤት በፊት ከላይብረሪ ይጀምሩ። ታሪኩም ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። በኩዊን ስትሪት ያለውን የከተማውን ላይብረሪ ጥቁር ነዋሪዎች በግብራቸው ይደግፉት ነበር፤ ካርድ ግን አይሰጣቸውም። ኦገስት 21 ቀን 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች በደንብ ለብሰው አንድ በአንድ ገቡ። ዊልያም ኤቫንስ፣ ኦቶ ታከር፣ ኤድዋርድ ጋዲስ፣ ሞሪስ መሪ እና ክላረንስ ስትሬንጅ ይባላሉ። እያንዳንዱ ካርድ ጠየቀ፣ ተከለከለ፤ ከዚያ ከመደርደሪያ መጽሐፍ አንሥቶ ለየብቻው ጠረጴዛ ይዞ ዝም ብሎ ማንበብ ጀመረ። ፖሊስ ተጠርቶ ወሰዳቸው፤ ክሱም ጸጥታ ማደፍረስ ተባለ። ነገሩን ያቀደው እዚያው ከተማ የተወለደው የ26 ዓመቱ ጠበቃ ሳሙኤል ታከር ነበር።

ክሱን ለልጆቹ ካነበቡላቸው በኋላ ዝም ይበሉ። «ላይብረሪ ውስጥ ጸጥ ብሎ ያነበበ ሰው ምን አደፈረሰ?» የሚለው ጥያቄ ከእነሱ ይመጣል፤ ካልመጣ ብቻ እርስዎ ይጠይቁት። ልጆች የላይብረሪን ደንብ ያውቃሉና ፍርዱ የተዛባ መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ያዩታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ብቻ የሚጠይቅ የካርድ ማመልከቻ ያድሉና ይሙሉት (5 ደቂቃ)። ታሪኩን ይንገሩ (10 ደቂቃ)። ቀጥለው «የእነዚህ ሰዎች ስም ትክክል ነው፣ አድራሻቸው ትክክል ነው፣ ግብር ከፍለዋል። በማመልከቻው ላይ የሌለው መስፈርት ምን ነበር?» ብለው ሁለት ሁለት ሆነው እንዲወያዩ ያድርጉ (8 ደቂቃ)። በቀረው ጊዜ ቀጥሎ የሆነውን ይንገሩ፦ ከተማው በ1940 ለጥቁሮች የሮበርት ሮቢንሰንን ላይብረሪ ከፈተ፤ አነስተኛ ሕንፃ ነው፣ መጻሕፍቱም በአብዛኛው ያገለገሉ ነበሩ። ጠበቃው ሳሙኤል ታከር የዚያን ላይብረሪ ካርድ አልቀበልም አለ። ልጆቹ ለምን እምቢ እንዳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይውጡ። «የተለየ» እና «እኩል» የሚሉትን ሐሳቦች ምን ያህል እንደለዩ ከዚህች ወረቀት ያውቃሉ፤ ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ በእሷ ያስተካክሉ።

ማመልከቻውን ለሁሉም ይስጡ እንጂ «ዛሬ ሰማያዊ የለበሰ ካርድ አያገኝም» የሚል ጨዋታ አይሥሩ። እንዲህ ያለው ማስመሰል በብዙ ቦታ ይሠራል፣ በብዙ ቦታም ይበላሻል። ልጁ የሚያስታውሰው መከልከሉንና ማፈሩን ነው፤ ሕጉን፣ ጠበቃውንና ፍርድ ቤቱን አያስታውስም። ጥቁር ልጅ በዕለት ሕይወቱ የሚያውቀውን ነገር ክፍል ውስጥ እንደገና እንዲጫወተው መጠየቅ ደግሞ ጭካኔ ነው። የባሪያ ጨረታ፣ የአውቶቡስ መቀመጫ፣ ከጥቁርና ከነጭ አሻንጉሊት የመምረጥ ማስመሰልም ለዚሁ ዕድሜ አይሆኑም።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፦ ርቀትና ሕንፃ

ልጆች በጣም የሚያተኩሩት እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፊ ጊዜ ይስጡት። ሁለት ከተሞችን ጎን ለጎን ያቅርቡ፤ አንዱን ብቻ ካስተማሩ ትምህርቱ ይጎድላል።

የመጀመሪያዋ የካንሳስዋ ቶፒካ ናት። የሊንዳ ብራውን ቤት ከሰምነር ትምህርት ቤት ሰባት ብሎክ ይርቃል። ሰምነር የነጮች ስለነበረ እሷ በባቡር ሐዲድ አጠገብ አልፋ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ትሄዳለች፤ ከዚያም አንድ ማይል ያህል ወደሚርቀው ሞንሮ ትጓዛለች። ባለካሬ ወረቀት ያድሉ፤ አንድ ካሬ አንድ ብሎክ ይሁን። ቤቷን፣ ሰምነርን፣ ሐዲዱን፣ ፌርማታውንና ሞንሮን ይሣሉ፤ መንገዶቹንም በሁለት ቀለም ያስምሩ። ትክክለኛ ካርታ ስላልሆነ ወረቀቱ ራስጌ ላይ «ንድፍ» ብለው ይጻፉበት። አለበለዚያ ልጆቹ እውነተኛ ካርታ መስሏቸው ይወስዱታል።

ብዙ መምህራን የሚስቱት ነገር ቢኖር ሞንሮ ደካማ ትምህርት ቤት አለመሆኑን ነው። ሕንፃው ጥሩ፣ መምህራኑም የተማሩ ነበሩ። የሊንዳ አባት ኦሊቨር ብራውንና አብረውት የከሰሱት ወላጆች የተቃወሙት መለያየቱን ራሱን ነው። ልጆቹ ይህን ካልያዙ «አዲስ ሕንፃ ቢሠራላቸው ይበቃ ነበር» ይላሉ።

ሁለተኛዋ የቨርጂኒያዋ ፋርምቪል ናት። የሮበርት ሩሳ ሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተሠራው ለ180 ተማሪ ነበር፤ በ1951 ከ450 በላይ ይማሩበታል። ቦታ ሲጠፋ ግቢው ውስጥ በእንጨት ተሠርተው በሬንጅ በተነከረ ወረቀት የተሸፈኑ ክፍሎች ተጨመሩ። ዝናብ ያስገባሉ፤ በክረምት ምድጃው አጠገብ ያለው ሲሞቀው ራቅ ያለው ኮቱን ሳያወልቅ ይማራል። ኤፕሪል 23 ቀን 1951 የ16 ዓመቷ ባርባራ ጆንስ ተማሪዎቹን አዳራሽ ሰብስባ የትምህርት ማቆም አድማ አስመታች። ኦሊቨር ሂልና ስፖትስውድ ሮቢንሰን የተባሉት ጠበቆች ጉዳዩን ሲይዙ አንድ ቃል አስገቡ፤ የሚከሱት የተሻለ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ለመጠየቅ ሳይሆን መለያየቱን ለማስቀረት እንዲሆን ነው። ታከር ካርዱን እምቢ ያለበት ምክንያት ይኸው ነበር፤ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያገናኙት ይተዉላቸው።

በክሱ ጊዜ ለፍርድ ቤት ማስረጃ የሆኑት የሞተንና የነጮቹ የፋርምቪል ትምህርት ቤት ፎቶግራፎች በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ይገኛሉ፤ በነፃ ይወርዳሉ። አንድ የውጭና አንድ የውስጥ ፎቶ ከየትምህርት ቤቱ ይምረጡ፤ በድምሩ አራት ይሆናሉ። በሙሉ ገጽ ያትሟቸው፤ ለሦስት ልጅ አንድ ስብስብ ይበቃል። ከወፍራም ወረቀት 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ቆርጠው በፎቶው ላይ እያንቀሳቀሱ እንዲያዩ ያድርጉ። ሙሉውን ፎቶ በአንድ ጊዜ ያየ ልጅ «የድሮ ቤት» ብሎ ይጨርሳል። በመስኮቱ ያየ ልጅ ግን የጭስ ማውጫውን ቧንቧ፣ የተቀዳደደውን ወረቀትና ጭቃውን ያገኛል። መግለጫ ጽሑፉን ለመጀመሪያዎቹ 4 ደቂቃዎች ይሸፍኑት።

የመልመጃው ወረቀት ሦስት ረድፍ ይኑረው፦ የማየው፣ የምገምተው፣ የምጠይቀው። ልጆች «ያዝናሉ» የሚለውን በማየው ሥር ይጽፋሉ። «ከፎቶው ላይ በጣትህ አሳየኝ» ይበሉ፤ ማሳየት ካልቻለ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ያዛውረው። ይህች ጥቂት እርማት የማስረጃ ትምህርቱ ዋና ክፍል ናት።

መጨረሻ ላይ በእነዚህ ክሶች ላይ የተሰጠውን፣ በኦሊቨር ብራውን ስም «የብራውን ውሳኔ» የተባለውን ፍርድ በሁለት ደቂቃ ይንገሩ። ሜይ 17 ቀን 1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን በዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። ከካንሳስ፣ ከደቡብ ካሮላይና፣ ከቨርጂኒያና ከዴላዌር የመጡት ጉዳዮች በአንድ ላይ ተወሰኑ፤ የዋሽንግተን ዲሲው በዚያው ዕለት ለብቻው ተወሰነ። በዚያ ዓመት የተነሣ አንድ ፎቶ ለመዝጊያ ጥሩ ነው፦ አንዲት እናት በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ የጋዜጣውን ትልቅ ርዕስ ይዛ፣ ለትንሿ ልጇ ስታስረዳ። «ምን ብላ የምታስረዳት ይመስላችኋል?» ብለው ያሰናብቷቸው።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፦ ኒው ኦርሊንስ

ሩቢ ብሪጅስን መዝለል አይችሉም፤ ልጆቹ ስሟን ሰምተው ይመጣሉ። ኖቬምበር 14 ቀን 1960 የ6 ዓመቷ ሩቢ በፌዴራል ማርሻሎች (በፌዴራል መንግሥት የሕግ አስከባሪዎች) ታጅባ ዊልያም ፍራንዝ ትምህርት ቤት ገባች። ሳይነገሩ የሚቀሩትን ያክሉ። በዚያው ዕለት ሊዮና ቴት፣ ቴሲ ፕሬቮስትና ጌል ኤቲየን ማክዶኖ 19 ወደሚባለው ትምህርት ቤት ገብተዋል። የሩቢ አባት በዚህ ምክንያት ከሥራ ተባረረ፤ ሚሲሲፒ ያሉት አያቶቿም ከሚያርሱት መሬት ተነሡ። ነጭ ወላጆች ልጆቻቸውን ስላስወጡ፣ ከቦስተን የመጣችው መምህርት ባርባራ ሄንሪ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ተማሪ ብቻ አስተማረች። ሎይድ ፎርማን የሚባል ነጭ ፓስተር ደግሞ እየተሰደበ ትንሿን ልጁን እጇን ይዞ እዚያው ትምህርት ቤት ያመላልሳት ነበር።

ለዚህ ክፍል ብዙ ሰው ሩቢ በማርሻሎች መሐል ስትሄድ የሚያሳየውን የሠዓሊውን የኖርማን ሮክዌልን ሥዕል ይጠቀማል፤ በ1964 ሉክ መጽሔት ላይ የወጣ ነው። ፕሮጀክተር ላይ ከማውጣትዎ በፊት ግድግዳውን ይመልከቱ። ከልጅቷ ጀርባ አስነዋሪው የጥቁሮች ስድብ በትልቁ ተጽፏል። ለ3ኛ ክፍል የማርሻሎቹንና የልጅቷን ክፍል ብቻ ቆርጠው ያሳዩ፣ ወይም ሩቢ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስትወርድ የተነሣውን እውነተኛ ፎቶ ይጠቀሙ። ለ4ኛ ክፍል ሙሉውን ለማሳየት ከፈለጉ ከክፍሉ መምህር ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ቃሉን ጮክ ብለው አያንብቡ፣ ማንም እንዲያነብም አይፍቀዱ። «ሰውን ለመጉዳት የሚጻፍ ስድብ ነው፤ ሠዓሊው ልጅቷ ምን እያለፈች እንደነበር ለማሳየት አስገብቶታል፤ እኛ አንለውም» ብለው ይለፉ። ቃሉን ሳያዘጋጁ ካሳዩት ከ30ው ደቂቃ 20ው በሹክሹክታ ያልቃል።

ሥዕሉን ሲያዩ ቀድመው ሁለት ደቂቃ ጸጥታ ይስጡ። ቀጥሎ የማርሻሎቹ ፊት ለምን እንደማይታይ፣ የሥዕሉ መሐል ማን እንደሆነ፣ ቲማቲሙ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። «ሠዓሊው የት የቆመ ይመስላችኋል?» የሚለውም ጥሩ ነው፤ ከሕዝቡ ወገን ሆነን እንደምናያት ብዙ ልጆች በራሳቸው ይደርሱበታል።

ሩቢን የመመረዝ ዛቻና በሬሳ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው አሻንጉሊት በብዙ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ለ3ኛ ክፍል ይተዉአቸው፤ ታሪኩ ያለ እነሱም ሙሉ ነው። «መቷት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ግን ሁልጊዜ አለ። «አልመቷትም፤ ጮኹባት፣ ዛቱባት፤ ማርሻሎቹ ጠበቋት፤ አድጋ፣ ልጆች ወልዳ፣ እስካሁን በየትምህርት ቤቱ እየዞረች ትናገራለች» ብለው ወዲያው ይመልሱ። የሚፈራ ልጅ መጨረሻውን አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ፦ የ7 ሜትር ገመድ

የጊዜ መስመሩን በወረቀት አይሥሩት፤ በወረቀት ላይ 58 ዓመትና 3 ዓመት እኩል ይመስላሉ። 7 ሜትር ሲባጎ ይዘርጉ፤ አንድ ዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያው 1896 ይሁን፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «የተለየ ቢሆንም እኩል ከሆነ ይፈቀዳል» ያለበት የፕሌሲ ውሳኔ ዓመት ነው። ከዚያ በሜትር መለኪያ እየለኩ ካርዶቹን ያንጠልጥሉ፦ የላይብረሪው ተቃውሞ 1939 በ2.15 ሜትር፣ የፋርምቪል አድማ 1951 በ2.75፣ የብራውን ውሳኔ 1954 በ2.90፣ ሊትል ሮክ (በአርካንሶ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች በወታደር ታጅበው የነጮች ትምህርት ቤት የገቡበት) 1957 በ3.05፣ አሌክሳንድሪያ 1959 በ3.15፣ ኒው ኦርሊንስ 1960 በ3.20፣ የፕሪንስ ኤድዋርድ ትምህርት ቤቶች እንደገና መከፈት 1964 በ3.40፣ የግሪን ውሳኔ 1968 በ3.60። በ2016 የተወለደ ልጅ 6 ሜትር ላይ ይቆማል።

ካርዶቹ ከ4 ሴንቲ ሜትር አይስፉ፤ ርዝመታቸው 15 ሆኖ ቁልቁል ይንጠልጠሉ። ከሰፉ 1957፣ 1959 እና 1960 ይደራረባሉ፣ ልጆቹም የተጣበቁትን ሊለዩ ሲሉ ገመዱን ይጎትቱታል። ሲባጎው ስለሚረግብ በየሜትሩ በግድግዳው ላይ ይለጥፉት። የላስቲክነት ያለው ክር አይጠቀሙ፤ ካርድ ሲከብደው ልኩ ይዛባል።

የገመዱ ትምህርት በሁለት ክፍተቶች ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ከ1896 እስከ 1954 ያለው 2.90 ሜትር ነው፤ አንድ ልጅ ክንዶቹን ዘርግቶ እንኳ አይደርስበትም። ሁለተኛው ከውሳኔው በኋላ ያለው ነው። ፍርድ ቤቱ በ1955 ስለ አፈጻጸሙ ሲወስን ቁርጥ ያለ ቀን አላስቀመጠም። የቨርጂኒያ መሪዎች፣ በተለይ ሴናተር ሃሪ ባይርድ፣ ማሲቭ ሬዚስታንስ («ታላቅ ተቃውሞ») በተባለው ውሳኔውን የመቃወም ዘመቻ ትምህርት ቤት እስከመዝጋት ደረሱ። በጃንዋሪ 1959 የክፍለ ግዛቱም የፌዴራሉም ፍርድ ቤት መዝጋቱን ከለከሉ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1959 ዘጠኝ ጥቁር ልጆች በአሌክሳንድሪያ ሦስት የነጮች ትምህርት ቤቶች ገቡ። ከሦስቱ አንዱ ዊልያም ራምሴ ኤሌመንተሪ ነው፤ ዛሬም አለ፤ ከተማሪዎችዎ የዘመድ ልጅ እዚያ የሚማርለት አይጠፋም።

ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ፣ ማለትም የባርባራ ጆንስ ካውንቲ፣ በዚያው ዓመት የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋና እስከ 1964 አልከፈተም። ለነጮች የግል ትምህርት ቤት ተቋቋመ። አንዳንድ ጥቁር ልጆች ዘመድ ቤት ተልከው ሌላ ቦታ ተማሩ፤ አንዳንዶቹ በቤተ ክርስቲያን ጥቂት ተማሩ፤ ብዙዎቹ እስከ 1963 ድረስ፣ በእርዳታ የተቋቋመ ነፃ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ያለ ትምህርት ቆዩ። ገመዱ ላይ 25 ሴንቲ ሜትሩን በእጅዎ ይዘው «በ1959 አንደኛ ክፍል መግባት የነበረበት የ6 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ስንት ዓመቱ ነው?» ይበሉ። 11 የሚለውን መልስ ራሳቸው ሲያወጡት የክፍሉ ድምፅ ይለወጣል። ለጥቂት ሰኮንድ ይተዉላቸው፤ ወዲያው ወደሚቀጥለው ካርድ አይሩጡ።

ሁለት ካርዶች አንድ ቦታ ላይ ያርፋሉ፦ የብራውን ውሳኔና የሩቢ ብሪጅስ ልደት፣ ሁለቱም 1954። ልጅቷ የተወለደችው ሕጉ ከተለወጠ በኋላ ነው፤ እስከ ኖቬምበር 1960 ድረስ ግን አንድ ጥቁር ልጅ እዚያ ትምህርት ቤት አልገባም። ይህን 30 ሴንቲ ሜትር ያየ ልጅ «በ1954 ተስተካከለ» ብሎ አይጽፍም። 1968 ላይ ደግሞ ሳሙኤል ታከር ይመለሳል፤ ከኒው ኬንት ካውንቲ በመጣው የግሪን ጉዳይ ከጠበቆቹ አንዱ ነበር። ፍርድ ቤቱ በዚያ ጉዳይ ትምህርት ቤቶች መለያየትን ከሥሩ የሚያጠፋ፣ አሁኑኑ የሚሠራ ዕቅድ ማቅረብ አለባቸው አለ።

ለሐበሻ ልጆች ሁለት ካርድ ይጨምሩ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሜይ 1954 መጨረሻ፣ ውሳኔው ከተሰማ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዋሽንግተን ገብተው ለኮንግረስ ተናግረዋል፤ ካርዳቸው ከብራውን ጎን ይቀመጣል። ሁለተኛው 1965 (3.45 ሜትር) ነው። በሲቪል መብት ትግሉ ዓመታት የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተውን ኮታ ስላነሣ ከአፍሪካና ከእስያ ለሚመጡ በር ከፍቷል። «ይህ የእኛ ታሪክ አይደለም» ለሚል ወላጅ ከዚህ የተሻለ መልስ አያስፈልግም።

ልጆቹ የአያታቸውን የልደት ዓመት ጠይቀው እንዲመጡ ካዘዙ የዘመን አቆጣጠሩን ያስተካክሉ። አያት «በ1946 ተወለድኩ» ካሉ እንደ አውሮፓው 1953 ወይም 1954 ነው። ሳያስተካክሉ የሰቀሉት ካርድ 35 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። በመጠየቂያው ወረቀት ላይ «በኢትዮጵያ ነው በአውሮፓ?» የሚል ምልክት ማድረጊያ ሣጥን ያስገቡ።

የልጆች ጥያቄዎች

«እኔ ያኔ ብኖር የት እማር ነበር?» የሚለው ከሐበሻ ልጆች የማይቀር ነው። በእርጋታና በግልጽ ይመልሱ፦ «በቨርጂኒያ ሕግ ጥቁር የተባለ ልጅ ሁሉ፣ ወላጆቹ ከየት ይምጡ ከየት፣ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነበር የሚሄደው። ያ ሕግ ስሕተት ነበር፤ ሰዎች ታግለው አስቀሩት።» ነጭ ልጅ «አያቶቼ መጥፎ ነበሩ?» ቢል «ያኔ የጮኹም፣ ዝም ያሉም፣ የረዱም ነበሩ፤ አያቶችህ ምን እንዳዩ መጠየቅ ትችላለህ» ይበሉት። «አሁንስ ቀርቷል?» ለሚለው፣ ሕጉ ቀርቷል፤ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ስለሚለያይ ግን ተማሪዎቻቸው በብዛት ከአንድ ወገን የሆኑ ትምህርት ቤቶች ዛሬም አሉ። እውነቱ ይህ ስለሆነ አይሸፋፍኑት። በውይይት ላይ ወደ ጥቁር ልጆች ዞር ብሎ «አንተስ ምን ተሰማህ?» ማለት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ልጁ የዘሩ ቃል አቀባይ አይደለም።

አንድ ልጅ ቤት የሰማውን ስለ ቆዳ ቀለም የሚያንቋሽሽ የአማርኛ ቃል ሊያወጣ ይችላል። ሌሎቹ ስላልገባቸው ብለው አይለፉት፤ የገባቸው አሉ። በአማርኛ፣ በአጭሩ «ይህ ቃል ሰውን ያቆስላል፤ እዚህ አንጠቀምበትም» ይበሉ፤ ከማን እንደሰማ በክፍሉ ፊት አይጠይቁ።

ለወላጆች

ትምህርቱ ከመጀመሩ አንድ ሳምንት በፊት ደብዳቤ ይላኩ። ዲስትሪክቱ የሚተረጉመው ከሆነ በዚያ በኩል ይሂድ፤ አማርኛው ግን የቢሮ አማርኛ እንዳይሆን ራስዎ ያንብቡት። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ውድ ወላጆች፣ በፌብሩዋሪ ወር ልጆችዎ በላይብረሪ ክፍለ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ተለያይተው ይማሩ ስለነበረበት ዘመንና ያ እንዴት እንደቀረ ይማራሉ። ፎቶግራፎችን ይመረምራሉ፣ የጊዜ መስመር ይሠራሉ። ለዕድሜያቸው የማይሆን ምስል አይታይም። ልጅዎ ቤት መጥቶ ሲጠይቅ እርስዎ የተማሩበትን ትምህርት ቤት ቢነግሩት ደስ ይለናል፤ ምን ያህል ሰዓት ይጓዙ እንደነበር፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት ተማሪ እንደነበረ። መጻሕፍቱን ማየት ከፈለጉ ላይብረሪው ክፍት ነው።»

መጽሐፍ አመራረጥ

ከመደርደሪያ ሲፈልጉ በዲዊ ቁጥር (መጻሕፍት በርዕሰ ጉዳይ በሚደረደሩበት የላይብረሪ ቁጥር) 379.263 ስለ ትምህርት ቤቶች መለያየትና መዋሃድ ያገኛሉ፤ የፍርድ ቤት ጉዳዮቹ 344.73 ላይ፣ የሲቪል መብት ታሪክ 323 ላይ፣ የኒው ኦርሊንስ ታሪክ 976.3 ላይ ይበተናሉ። ባለሥዕሎቹና የሕይወት ታሪኮቹ ደግሞ በየራሳቸው መደርደሪያ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ ፈልገው «የለንም» አይበሉ። አራቱን ሳምንት ሁሉንም ሰብስበው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያቆዩአቸው።

መጽሐፉን ከመጨረሻው ገጽ ይጀምሩ። የደራሲ ማስታወሻና የምንጭ ዝርዝር ካለው ጥሩ ምልክት ነው። በፎቶዎቹ ሥር ሰዎቹ በስማቸው ተጠርተዋል ወይስ «አንድ ጥቁር ተማሪ» ብቻ ይላል? ታሪኩ በ1954 ያልቃል ወይስ ከውሳኔው በኋላ ያለውን ተቃውሞ ይናገራል? ልጅቷ ብቻዋን ናት ወይስ ወላጆች፣ ጠበቆችና ጎረቤቶች አሉ? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብዙ መጽሐፍ ይወድቃል፤ የወደቀውን ማስወገድ አያስፈልግም፣ ጮክ ብለው የሚያነቡት ግን ያለፈው ይሁን። ንግግር በትእምርተ ጥቅስ አስገብቶ ምንጩን የማይናገር መጽሐፍ ካለም ለ4ኛ ክፍል «ይህን ቃል ማን ሰማው?» የሚል ጥሩ መልመጃ ይወጣዋል።

ፎቶዎቹ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ ልጆቹ ዘመኑን ከዳይኖሰር ጋር ይደባልቁታል። ቢያንስ አንድ የቅርብ ጊዜ ባለቀለም ፎቶ ይጨምሩ፤ ዛሬ አሮጊት የሆነችውን ሩቢን፣ ወይም ሙዚየም የሆነውን የሞተን ትምህርት ቤት። የሮቢንሰን ላይብረሪ ሕንፃም ዛሬ የአሌክሳንድሪያ የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም ነው፤ ከክፍሉ መምህር ጋር ተነጋግረው ልጆቹን ሊወስዷቸው ይችላሉ። የብራውን ውሳኔና ማሲቭ ሬዚስታንስ በቨርጂኒያ የ4ኛ ክፍል ታሪክ ውስጥ ስላሉ መምህሩ ጊዜውን ለማስተካከል አይከብደውም፤ በየትኛው ሳምንት እንደሚደርስበት በዲሴምበር ይጠይቁት። ከሌላ ቅርንጫፍ የሚመጡ መጻሕፍትንም ያን ጊዜ ያስይዙ፤ ጃንዋሪ ካለፈ ሁሉም ትምህርት ቤት የሚፈልገው እነዚያኑ መጻሕፍት ነው።